የዋንዛው አልጋ ተርቦች

ትኋን አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ትኋን አልነበረም፣ ቁንጫም አልነበረም፣ እኔም ቤቷን የማታጸዳ ሴት አይደለሁም። ዛሬም ነገሩ በተነሳ ቁጥር እፎይ እላለሁ፤ እፎይታው አላልቅ ብሎኛል።

የሆነው አባቴ ዓይናቸውን ታክመው ቡራዩ እኔ ቤት ያረፉ ጊዜ ነው። አባቴ ተጂ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ግራ ዓይናቸውን እኔ ገና ልጅ ሳለሁ አጥር ሲያጥሩ እሾህ ወግቷቸው አጥተዋታል። የቀረችው ቀኟ ደግሞ ቀስ በቀስ ሞራ ሸፈናትና ሰውን በድምፁ ብቻ መለየት ጀመሩ። እኔን ራሴን በር ላይ ቆሜ ሳለሁ "ማነሽ?" ብለውኛል። እኛ ልጆቻቸው ለምነን፣ ተቆጥተን፣ መጨረሻ ላይ "ለምርመራ ብቻ ነው" ብለን ዋሽተን አዲስ አበባ አምጥተን አሳከምናቸው።

ሐኪሙ ሞራውን ካነሳ በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። "የኛ ሥራ ጥሩ ሆኗል፤ የቀረው የእናንተ ነው" አለኝ። ጠብታው ሰዓቱን ጠብቆ ይደረግላቸው፤ ጭስና አቧራ አይንካቸው፤ አጎንብሰው ዕቃ እንዳያነሱ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይናቸውን እንዳያሹ። ሲጨርስ "መለዋወጫ ዓይን የላቸውም እኮ" አለ። አነጋገሩ አናደደኝ። ግን ምን ይባላል፣ እውነቱን ነው።

ስለዚህ ወደ ተጂ መመለስ የሚባል ነገር የለም። እዚያ የማገዶ ጭስ አለ፣ አቧራ አለ፤ እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ወንድሜ ጎረቤታቸው ቢሆንም ጠብታ አድርግ ቢባል አፍንጫቸው ውስጥ ነው የሚያደርገው። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ አልነሳም። "ሐኪሙ በቃ እስኪል ድረስ እኔ ጋ ነዎት" አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። እሺ ለማለት መቸኮላቸው አልጣመኝም ነበር፤ አባቴ እሺ ባይ ሰው አይደሉም።

አባት ቤት ሲመጣ ደግሞ በተገኘው ፍራሽ ላይ አይተኛም። ባለቤቴና እኔ ተመካከርንና የሠርጌን አልጋ ከሰርቪስ ቤቱ አወጣነው። ያ አልጋ አባቴ ከግቢያቸው ዋንዛ አስቆርጠው ለሠርጌ ያሠሩልኝ ነው። ባለቤቴ በኋላ የፋብሪካ አልጋ ሲገዛ ፈታትተን ግድግዳ አስደግፈነው ነበር፤ ለዓመታት የበቆሎ ጆንያና አሮጌ ጎማ ሲደገፍበት ኖሯል። ባለቤቴ አቧራውን ጠረገው፣ ከላይ ከላይ ዘይት ቀባው፣ ገጣጠመው። አብረቀረቀ። አባቴ ሲገቡ ራስጌውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና "የኔ ዋንዛ አይደለም እንዴ ይሄ?" አሉ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ባለቤቴ እንደ ሙሽራ ተሽኮረመመ። ከእኛ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የአልጋውን ሆድ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

አባቴ የጠዋት ሰላምታ በአማርኛ አይሆንላቸውም። በኦሮምኛ "አካም ቡልተን?" እላቸዋለሁ፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው። "ነጋ፣ ገለታ ዋቃ" ይላሉ፤ ሰላም ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን ማለታቸው ነው። እንቅልፍስ? ጥሩ ነው። በረደዎት? ኧረ ምንም። እንዲህ እየተባባልን ሰነበትን።

አንድ ቀን ጠዋት ጠብታ ላደርግላቸው ወንበር ላይ አስቀምጬ ጭንቅላታቸውን ቀና ሳደርግ የሸሚዛቸው ኮሌታ ገለጥ አለ። አንገታቸው ሥር ቀላ ቀላ ያሉ እብጠቶች ተደርድረዋል። ክንዳቸውን አየሁ፤ እዚያም አለ። ጠብታውን ጉንጫቸው ላይ ደፋሁት።

ትኋን! ሌላ ምን ሊሆን ነው? ልብ በሉ፣ እኔ ቤት ትኋን ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ከየት መጣ? እሳቸው ይዘው ከመጡት አጎዛና ጋቢ ነዋ! አንዲት ቅዳሜ እንኳ ፀሐይ ሳያይ የኖረ አጎዛ። ይህን አሰብኩና በራሴ አፈርኩ። ለመሆኑ እንዴት ተብሎ ይነገራል? "አባዬ፣ ትኋን ይዘውብኝ መጡ" ይባላል? ከማለቴ በፊት ምድር ተሰንጥቃ ትዋጠኝ። አባቴ ናቸው፤ ያውም የታመሙ፤ ያውም እኔ ለምኜ ያመጣኋቸው።

እናም ሳልናገር ዘመቻ ጀመርኩ። ጋቢውን "ሽሮ ፈሰሰበት" ብዬ ወሰድኩና ቀቀልኩት። አጎዛውን "ትንሽ ፀሐይ ይምታው" ብዬ ገመድ ላይ ሰቅዬ በዱላ ነረትኩት። ፍራሹን አውጥቼ በየስፌቱ በመርፌ ጫፍ ፈለግኩ። ምንም የለም። ባለቤቴ "ፍሊት ልንፋና እንገላገል" አለ። "አብደሃል? ዓይናቸው ላይ ልትነፋ?" ብዬ ጮህኩበት፤ ከዚያ አባቴ እንዳይሰሙ ድምፄን ቀንሼ እንደገና ጮህኩበት። አባቴ ዘመቻዬን ሁሉ ዝም ብለው ያዩ ነበር። ጋቢያቸውን ስመልስላቸው "ተባረኪ" ብቻ አሉ።

እብጠቱ ግን ባሰ። ይባስ ብሎ አንደኛው ከደህናዋ ዓይናቸው ጎን፣ ከቆቧ ጫፍ ላይ ወጣ። ኪስ እየሰፋሁ ቀና ስል እጃቸው ወደ ዓይናቸው ሲሄድ አየሁ። ጣታቸውን አጥፈው ሊያሹ ነው። "አባዬ! እጅዎን!" አልኩ፤ መቀሱ ከእጄ ወድቆ ወለሉን መታው። ደንግጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱት። "ዝንብ ነው" አሉ። ዝንብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሥራዬን ትቼ እጃቸውን ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ዓይናቸው በአንድ ማከክ ትጠፋለች ብዬ ፈራሁ፤ መለዋወጫ የሌላት ዓይን።

ቀን ቀን ደግሞ ደጅ ፀሐይ ላይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸው ዘንበል ብሎ ያንቀላፋሉ። ሌሊት የተኛ ሰው ቀን እንደዚያ አያንቀላፋም። ብጠይቃቸው "ዕድሜ ነው" ይላሉ።

ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ እጃቸውን ታጥበው ከጨረሱ በኋላ ነገሩን አፈነዱት። "ልሂድ" አሉ። "ወዴት?" "ወደ ቤቴ። ጤፉ ደርሷል፤ አዝመራ ላይ ገበሬ ከተማ አይቀመጥም።" ጠብታውስ? "ወንድምሽ ያደርግልኛል።" ጭሱስ? "ደጅ እውላለሁ።" ሐኪሙስ? "አየኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ያየኛል?" ለሁሉም መልስ አዘጋጅተዋል። እኔን ግን አያዩኝም፤ ገበታውን ነው የሚያዩት።

ተቀይመዋል ማለት ነው አልኩ። ማን አስቀየማቸው? ባለቤቴ! ማታ ሲገባ በር ላይ ያዝኩት። "አባቴን ምን አልካቸው?" "እኔ? ኧረ ምንም!" "ስለ ፍሊቱ ሰምተዋል። ጆሯቸው የሚሰማውን አታውቅም።" "የጮህሽው እኮ አንቺ ነሽ" አለኝ። እሱም እውነቱን ነው፤ የበለጠ ተናደድኩ። እኔ ስናደድ መርፌ እሰብራለሁ። በማግስቱ የሰፋሁትን ሱሪ ሁሉ ፈትቼ እንደገና ነው የሰፋሁት፤ እንባዬ እየወረደ ዚፑን ገልብጬ ሰፍቼው ነበር።

"ቢያንስ እሑድን ያሳልፉ" ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉ፤ በግድ ነው። እስከዚያ ድረስ ያን ትኋን በእጄ ካልያዝኩት ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ለዩኒፎርም ኪስ የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ነበረኝ፤ ቀጣጠልኩና ሰፊ አንሶላ አደረግኩት። በነጭ ላይ ትኋን መደበቂያ የለውም፤ ቢፈርጥ ደሙ ይታያል፣ ቢሄድ ራሱ ይታያል። "አዲስ አንሶላ ሰፋሁልዎ" አልኳቸው። "ምን አደከመሽ" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ፍርሃት ያየሁ መሰለኝ። አልጋው ላይ መተኛቱ ራሱ ነበር የሚያስፈራቸው፤ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ጠዋት አባቴ ታጥበው ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ደጅ ፀሐይ ሊሞቁ ወጡ። እኔ ወደ አልጋው ሮጥኩ። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ። አንድ ጠብታ ደም የለም። ትኋን የለም። ያለው ምንድን ነው? ከትራሱ ሥር የሚራመዱ ትናንሽ ጥቋቁር ጉንዳኖች፤ የሩዝ ፍሬ እንኳ አያክሉም። ጉንዳን! አባዬ ስኳር አልጋ ውስጥ ይበላሉ እንዴ አልኩ። አንዷን በሁለት ጣቴ ያዝኳትና ልጨፈልቃት ጫን ስል ወጋችኝ። እንደ መርፌ ጫፍ ነው የወጋችኝ፤ መርፌ ደግሞ አውቃለሁ። ጣቴን ሳየው ቀላ ያለ እብጠት እየወጣ ነው። የአባቴ እብጠት! ራሱ!

እሪ አልኩ። አባቴ እየተጣደፉ ገቡ። "ምን ሆንሽ?"

"ወጋችኝ! አባዬ፣ ትኋን አይደለም! እኔ እኮ ከተጂ ይዘውት የመጡት ትኋን መስሎኝ..." አፌን በመዳፌ ያዝኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ወጥቷል።

አባቴ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ይዤው የመጣሁት?"

"አይ፣ ማለቴ..."

"እኔ?" አሉ እንደገና። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ሳቅ ነበር የያዛቸው። የበሩን መቃን ይዘው ሳቁ። "እኔ እኮ ያንቺ ቤት ትኋን መስሎኝ ነው! የልጄ ቤት ትኋን አለበት ብዬ በምን አፌ ልናገር? ባልሽ ቢሰማስ? ጎረቤት ቢሰማስ? ዝም ብዬ ልሂድላት፣ ገመናዋ ተሸፍኖ ይቅር አልኩ እንጂ።"

"ጤፉስ?"

"የምን ጤፍ! ገና አረንጓዴ ነው።"

ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ መጡብኝ። "ለኔ ገመና ብለው ዓይንዎን ሊያጡ ነበር? ጭስ ውስጥ ሊገቡ? እንቅልፍ አጥተው ሲያድሩ 'ነጋ፣ ነጋ' ይሉኛል!" አልኳቸው፤ በሕይወቴ አባቴን እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። "ሲብስብኝ እየተነሳሁ ወንበሩ ላይ ነበር የማነጋው" አሉ እንደ ልጅ አቀርቅረው። "አንቺስ ጋቢዬን ስትቀቅይው ሽሮ መች ፈሰሰበት?" አፈርኩ። ሁለታችንም ይሉኝታ ይዞን ስንት ጊዜ ተሰቃየን!

ግን ያቺ ምንድን ናት? ሱሉልታ የምትኖር የእህቴ ልጅ አለች፤ ሥራዋ ከሰብል ተባይ ጋር ነው። ከአንሶላው ላይ አንዷን በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላት። ብዙም ሳትቆይ ደወለች። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት።

"አክስቴ፣ ጉንዳን አይደለችም። ተርብ ናት።"

"ተርብ? ይቺ? ክንፏ የታለ?"

"የዚህ ዓይነቷ ሴቷ ብዙ ጊዜ ክንፍ የላትም። አልጋው እንጨት ነው?"

"ዋንዛ።"

"ጎንበስ ብለሽ ከሥሩ እዪው።"

አየሁ። ያ ዘይት የተቀባው፣ የሚያብረቀርቀው አልጋ ከሥሩ ወንፊት ሆኗል። ወለሉ ላይ እንደ በሶ የላመ ዱቄት ተከምሯል። እኔ ደግሞ ከግድግዳው የሚረግፍ አቧራ ነው እያልኩ በየቀኑ እጠርገው ነበር።

"ነቅዟል" አልኳት።

"ያው ነው። ጥንዚዛ እንጨቱ ውስጥ እንቁላል ይጥላል፤ ትሉ እንጨቱን እየበላ ያድጋል። ተርቧ የምትፈልገው ያንን ትል ነው። በቀዳዳው ትገባና ወግታ ታደነዝዘዋለች፣ እላዩ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ልጆቿም እሱን እየበሉ ያድጋሉ። እንዲህ ዓይነት ጥንዚዛ አዳኝ ተርብ ብዙ ዘር አለው። ሰው አትፈልግም። ደም አትጠጣም። ሰው ሲገላበጥ ከሥሩ ስትጨፈለቅ ነው የምትወጋው።"

"ልብስ ውስጥ አትራባም?"

"አትራባም።"

"በሽታ?"

"የለባትም። ያሳክካል እንጂ ይጠፋል። አልጋውን አውጡት፤ አባባን ሌላ ቦታ አስተኟቸው። በቃ።"

"በቃ?" አልኳት።

"በቃ፣ አክስቴ።"

ፍራሹ ጫፍ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ። በቃ! አባቴ ትኋን አላመጡም፣ ቤቴ ትኋን የለበትም፣ ባለቤቴ አላስቀየማቸውም፣ ወደ ጭሱ አይመለሱም። ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደ።

አባቴ ግን አልጠገቡም። ወደ ስልኩ ቀረብ ብለው "ልጄ፣ እንጨቱ ውስጥ በዚያ ጨለማ ትሉን እንዴት ታገኘዋለች?" አሏት። "በጠረኑ ይሆናል፣ አባባ።" "እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች?" "አንዳንዶቹ አይሄዱም። ልጆቻቸው እስኪያድጉ እዚያው አጠገባቸው ይቆያሉ።" አባቴ ከንፈራቸውን መጠጡ። "እኔ ደግሞ እላይዋ ላይ እጋደምባታለሁ። ብትወጋኝ እውነቷን ነው" አሉ።

ስልኩን ዘግቼ አንሶላውን ሰብሰብ አድርጌ ላራግፍ ስል አባቴ ከበሩ ላይ "ቆይ" አሉ። "አንዷ ቀርታለች። ያቻት፣ ጠርዙ ላይ፣ በስፌቱ በኩል እየሄደች ነው።"

ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ። አላየሁም። "የታለች?"

"ወደ ግራሽ። አሁን ቆመች።"

የስፌት መነጽሬን ከመኪናው ላይ አምጥቼ አደረግኩ። እውነትም አለች። ከክሩ ጎን፣ ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም የማትበልጥ፣ ጥቁር ነገር። ቀና ብዬ አባቴን አየኋቸው። እሳቸው ያሉት በሩ ላይ ነው። በር ላይ የቆመችውን ልጃቸውን "ማነሽ?" ያሉ ሰው ናቸው።

"አባዬ፣ ከዚያ ሆነው አዩዋት?"

"ምን ችግር አለ? ነጭ ላይ ጥቁር ነው" አሉ፤ ከዚያ ምን እንዳሉ ገባቸው። ቀስ ብለው ቤቱን ዙሪያውን አዩት። መጋረጃውን፣ መኪናዬን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዩኒፎርም። መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ፤ ብዙ አዩኝ። "አርጅተሻል እኮ" አሉኝ። እኔ እንኳን ልቀየም፣ ተንበርክኬ እጃቸውን ሳምኩ።

ባለቤቴ ሲመጣ አልጋውን ፈታትተን ከቤት ራቅ ብሎ አጥሩ ጥግ ወሰድነው። ባለቤቴ ክብሪት ሊጭር ነበር። "ተው!" አሉት አባቴ፤ "እዚያ ውስጥ ሥራ ላይ ያሉ አሉ። ጥንዚዛውን ይጨርሱት።" ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ጠየቀኝ። ተው እንደተባልክ ተው አልኩት። የኛን የፋብሪካ አልጋ ለአባቴ ለቀቅንና እኛ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋን። ባለቤቴ ወገቡን ይዞ እያጉረመረመ ነበር፤ ደስ እያለው መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ገበታ ላይ አባቴ አንድ ሁለት ጉርሻ ጎረሱና አኝከው ቆዩ። እኔም ዛሬ ሁሉ ነገር ይውጣ አልኩ። "ሌላስ የደበቁኝ ነገር አለ?" አልኳቸው።

"ልናገር?"

"ይናገሩ።"

ተመቻችተው ተቀመጡ። ትራሱ ድንጋይ ነው አሉ። ጠብታውን ግማሹን ጉንጬ ነው የሚጠጣው አሉ። የባልሽ ቴሌቪዥን እኔ ደንቆሮ ሳልሆን ያደነቁረኛል አሉ፤ ባለቤቴ ሪሞቱን ፈለገ። "ይረፉ፣ ይረፉ" ስትይኝ ውለሽ ታድሪያለሽ፣ ከመሬት በታች የሚታረፍበት ጊዜ ይመጣል አሉ። ሐኪሙ በቃ እስኪል እዚሁ ነኝና ይሄ ሁሉ ይስተካከል አሉ። "ወጥሽ ደግሞ ገና ከመጣሁ ጀምሮ ጨው የለውም። ለታመመ ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ምኔ ነው የታመመው? ዓይኔ ነው እንጂ ምላሴ መች ታከመ?"

ጨው ላመጣ ተነሳሁ። ወጥ ቤት ገብቼ የጨዉን ዕቃ እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ እንባዬን በክንዴ ብጠርገው አላቆም አለኝ። አባቴ እንግዳ መሆናቸው ቀረ። ቤታቸው ገብተዋል፤ አይሄዱም።

"አንቺ ልጅ!" ሲሉ ሰማሁ ከሳሎን፤ "ጨው ልታመጪ አፋር ወረድሽ እንዴ?"

"መጣሁ አባዬ" አልኩ።